ቡገንቪሊያ ወይስ ጠምበለል? የአንድ ደብረ ማርቆስ ግቢ ጉዳይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ግቢ አለ። ሁለት የሚያብቡ ሐረጎች ተተክለውበት ሁለቱም እምቢ አሉ። አንዱ ቡገንቪሊያ ነው፤ ቅጠል ብቻ ሆነ። ሌላው ጠምበለል ነው፤ ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ሄደ። የተጠራሁት አንዱን እንድነቅል ነበር። «የትኛው ይሻላል? ቁርጡን ንገረንና እንገላገል» ነው የተባልኩት።

ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። እኔ ጋሼና እትዬ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እትዬ ተወልደው ያደጉት ከጮቄ ሥር፣ ስናን ነው። ቡገንቪሊያውን የላከችው ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃቸው ናት። ጠምበለሉን ያስመጡት ደግሞ እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ከዘመድ ማሳ ዳር ተነቅሎ።

ስለዚህ ጭቅጭቁ የአበባ ብቻ አልነበረም። ጋሼ የልጃቸውን ስጦታ ይዘዋል። እትዬ ያገራቸውን።

«ይኼ የዱር ሐረግ ነው፤ ዱሩ ይሻለዋል» ይላሉ ጋሼ።

«ያንተ አበባ ደግሞ ለዓይን እንጂ ላፍንጫ አይሆንም። እሱም ሲያብብ አይደል!» ይመልሳሉ እትዬ።

እንዲህ ሲባባሉ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። እኔም ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ።

ግቢው ምን ይመስላል

ቤቱ መሐል ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል መንገድ አለ፤ መንገዱን ተከትሎ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። የአጥሩ የውስጥ ፊት ወደ ምዕራብ ያያል ማለት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ይመታዋል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን በእጅ መንካት አይቻልም። አፈሩ ቤት ሲሠራ የተረፈ ጠጠርና ኮረት የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ነው። ውሃ አይቋጥርም።

በሰሜን በኩል በረንዳና ኩሽና አሉ። ቧንቧውም እዚያው ነው። ዕቃ ይታጠብበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ውሃው ሁሌም ይፈሳል። አፈሩ ጥቁር፣ ዋልካ ብጤ ነው። ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አሁን ተክሎቹን አስቡ። ቡገንቪሊያው የተተከለው ቧንቧው አጠገብ ነው። ጠምበለሉ የተተከለው ቆርቆሮው ሥር ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር። ቡገንቪሊያው የልጅ ስጦታ ስለሆነ ውሃ እንዳያጣ፣ ከዓይንም እንዳይርቅ ተብሎ ነው። ጠምበለሉ «የዱር ነው፣ የትም ይችላል» ተብሎ የቀረው ቦታ ተሰጠው።

ብዙ ግቢ ያየሁት ይህንኑ ነው። የተወደደ ተክል ለምለሙ ቦታ ይሰጠዋል። ያልተወደደው ዳር ይገፋል። ተክሉ ራሱ የሚፈልገውን የሚጠይቀው የለም።

ቡገንቪሊያ ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ

ተክሉ ታሟል ብለው ነበር። አልታመመም። እንዲያውም ከመጠን በላይ ደልቶታል።

ቡገንቪሊያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ቦሊቪያ፣ ፔሩ፣ አርጀንቲና። በእ.ኤ.አ. 1767 ፊሊቤር ኮመርሶን የሚባል የፈረንሣይ የዕፅዋት ተመራማሪ ሪዮ ዴ ጃኔሮ አጠገብ አገኘው። በጉዞው መሪ በሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ስም ተጠራ። በዚያ ጉዞ ላይ የኮመርሶን ረዳት ሆኖ ዕፅዋት ሲለቅም የነበረው «ወንድ» ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። ሴት መርከብ ላይ መሳፈር ስለማይፈቀድላት የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የሄደችው። ዓለምን በመርከብ የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ መሆኗ ይታወቃል። ታሪኩን ለእትዬ ስነግራቸው ከአበባው ይልቅ እሷን ወደዷት።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ቡገንቪሊያ ዝናብና በጋ የሚፈራረቁበትን አየር የለመደ ተክል ነው። ዝናብ ሲኖር ቅርንጫፍና ቅጠል ያወጣል። ሲደርቅ ያብባል። ውሃው ካልተቋረጠ የማበቢያ ጊዜው እንደደረሰ የሚነግረው ነገር የለም። በዚያ ላይ እትዬ ፍግ ሲያደርጉለት፣ ጋሼ ደግሞ ከሰው ያገኟትን ዩሪያ ጣል ሲያደርጉለት ኖረዋል። ዩሪያ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል። ግንዱ የክንድ ውፍረት ደርሷል፤ እሾኹ ልብስ ይይዛል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። አበባ ግን አንድም የለም።

የቀረው የፀሐይ ነገር ነው። ይህን ያወቅነው ከጋሼ ጋር ቆመን ስናወራ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በቀጥታ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ። በሁለቱ መሐል፣ ማለትም በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ከነሐሴ ማለቂያ እስከ ሚያዝያ ግን የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ የቤት ሰሜናዊ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩት። በጋው በሙሉ፣ ማለትም ቡገንቪሊያ ሊያብብ በሚገባው ወቅት፣ የኩሽናው በኩል ፀሐይ አያገኝም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣ ደግሞ ክረምት ይገባል፤ ሰማዩ ይደፈናል። ቡገንቪሊያ በደንብ እንዲያብብ በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይኼኛው በዓመቱ ውስጥ ይህን የሚያገኝበት ወቅት የለውም ማለት ይቻላል።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ይኸን እኮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ነው የኖርኩ» አሉ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ለእትዬ ያስረዱት፤ በቡና ስኒና በስኳር ዕቃ።

የቀን ርዝመትስ? ቡገንቪሊያ አጭር ቀን ሲሆን ያብባል ይባላል፤ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ከፍ ያለ ባለው መሐል ነው የሚዋልለው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ እዚህ ከቀን ርዝመት ይልቅ ድርቀቱና ብርሃኑ ይበልጣሉ።

ልጅቷ አልተሳሳተችም

ጋሼ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። «ባሕር ዳር በየአጥሩ ላይ እሳት መስሎ ይታያል። እኛ ጋ ብርዱ ይሆን?»

ብርዱ የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መሐል የ4 ዲግሪ ልዩነት መጠበቅ ነው። ቡገንቪሊያ በዚህ ልዩነት አይሞትም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥም ደህና ሆኖ የሚያብብ አለ። ግን ዕድገቱ ይዘገያል፤ ውርጭ ሲመጣም ለጋ ጫፉ ይጠቁራል። እንጅባራን የመሰለ የባሰ ብርድ ያለበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ ከተገኘለት ይበቃዋል። ያ ግድግዳ ደግሞ ግቢው ውስጥ ነበር፤ ጠምበለሉ እየተጠበሰበት ያለው ቆርቆሮ።

ጠምበለልስ?

ጠምበለል የአገራችን ጃስሚን ነው። መጀመሪያ እውነት ጠምበለል መሆኑን ማየት ነበረብኝ። ችግኝ መሸጫዎች «ጃስሚን» ብለው የሚሸጡት ሁሉ ጃስሚን አይደለም። ለምሳሌ በሌሊት የሚሸተው «የሌሊት ጃስሚን» የሚሉት ቁጥቋጦ ዘመዱ ከቲማቲምና ከድንች ነው፤ መርዛማም ነው። ሕፃን ያለበት ግቢ ውስጥ ባይተከል ይመረጣል።

የእትዬ ሐረግ ግን ትክክለኛው ነበር። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቅጠል በሦስት ይከፈላል፤ የመሐሉ ከሁለቱ ይተልቃል። አበባው ነጭ ነው፤ እንቡጡና የጀርባው በኩል ግን ቀላ ይላል። ፍሬው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ መንታ ነው። በሳይንሱ ጃስሚነም አቢሲኒከም ይባላል፤ ስሙ በእ.ኤ.አ. 1844 ነው የታተመው። ቤተሰቡ የወይራ ነው። ጋሼ «የዱር» ያሉት ሐረግ የወይራ ዘመድ መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ከበሬታ ጨመሩለት።

ጠምበለል የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ጎጃም ውስጥ ለማየት ወንዝ ዳር ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ጠርዝ ላይ መሄድ ነው። መሐል ጫካ ውስጥ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ ነው። ሥሩ ጥላ ውስጥ፣ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ፣ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ነው። ራሱ ግን ዛፉን ተጠምጥሞ ወጥቶ ብርሃን ላይ ያብባል። እግሩ ጥላ፣ ራሱ ፀሐይ። ጠምበለል ለመትከል የሚያስብ ሰው ይህቺን ከያዘ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ቆርቆሮው ሥር ያገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። እግሩ ጠጠር ላይ፣ ራሱ ምጣድ ላይ። ለጋ ጫፎቹን ስይዛቸው እንደ ደረቀ ትንባሆ ቅጠል ተፈረከሱ። ከሥር አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ይቃጠላል፤ ተመልሶ ከሥር ያወጣል።

ሌላም ችግር ነበረበት፤ ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ጠምበለል የሚወጣው በመጠምጠም ነው። ቀጭን ነገር ይፈልጋል፦ ሽቦ፣ ገመድ፣ ቀጭን አጣና። ዝርግ ቆርቆሮ ላይ ምን ይዞ ይወጣል? መሬት ለመሬት ተንጋሎ ነበር። ቡገንቪሊያ ደግሞ አይጠመጠምም፣ በጅማትም አይዝም። ረጅም ቅርንጫፍ ይወረውርና በእሾኹ ይንጠለጠላል። ሰው ካላሰረው በራሱ ክብደት ይደፋል። ሁለቱንም «ሐረግ» እንላቸዋለን እንጂ አወጣጣቸው ለየቅል ነው፤ ድጋፋቸውም እንደዚያው።

ያደረግነው

አንዱንም አልነቀልንም። አቀያየርናቸው።

ቡገንቪሊያን ካደገ በኋላ ማዛወር ቁማር ነው። ሥሩ ሲነካ አይወድም፤ አፈሩ ከላዩ ከረገፈ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ያን ያህል የወፈረውን ግንድ ነቅሎ ወስዶ መትከል አላዋጣንም። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ከእሱ ላይ ቁርጥ ወሰድን። በጣም ያረጀ እንጨትም አይሆንም፣ ለጋም አይሆንም፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር ያህል። ከታች ከአንጓው ሥር ሰያፍ ቆርጠን፣ ቅጠሉን አራግፈን፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በሞላንበት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሰካነው። ከበረንዳው ጣሪያ ሥር አስቀመጥነው፤ የደብረ ማርቆስ ዝናብ በቀጥታ ከወረደበት ይበሰብሳል። ጓንት ሳታደርጉ አትነካኩት። እሾኹ ብቻ አይደለም፣ ፈሳሹም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል።

ከሰካነው ሁሉም አልያዘም። የያዘው ግን ይበቃን ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ የቆርቆሮው አጥር ሥር ተተከለ። ፕላስቲኩን ቀደን አወጣነው እንጂ ችግኙን አልጎተትነውም። አጥሩ ላይ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገን በአግድም ሽቦ ወጠርን። ክፍተቱ አየር ያሳልፋል፤ ቅርንጫፉም የጋለውን ብረት አይነካም። ማሰሪያው የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ነው። ሽቦ በሽቦ ያሰረ ሰው ቅርንጫፉ ሲወፍር ታንቆ ያገኘዋል።

ጠምበለሉ ቀለለ። ሰኔ ላይ ዝናቡ አፈሩን ካራሰ በኋላ እስከ ጉልበት ድረስ ቆርጠን፣ ከነአፈሩ አንስተን ወደ በረንዳው ምሥራቃዊ ጥግ አዞርነው። ቧንቧው ቅርብ ነው፣ ግን ውሃው የሚተኛበት አይደለም። እንደ መጠባበቂያ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ሳንቆርጠው አጎንብሰን፣ አንጓው ላይ ትንሽ ፋቅ አድርገን፣ አፈር ውስጥ ቀብረን ድንጋይ ጫንንበት። እንዲህ ሲደረግ ከእናቱ ሳይለይ ሥር ያወጣል። በረንዳው ላይ ከአጣና ወደ ጣሪያው የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ዘረጋንለት። ሥሩን በሣር ጉዝጓዝ ሸፈንነው። እትዬ በእጃቸው ነው የጎዘጎዙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጠምበለል ፈልጋችሁ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ገብታችሁ እንዳትነቅሉ። ነውር መሆኑን ጎጃሜ ሳይነገረው ያውቃል። ከዘመድ ማሳ ዳር አንድ ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው። ችግኝ ጣቢያዎቻችን ግን ለምን እንደማያፈሉት አይገባኝም። ከውጭ የመጣውን ሁሉ በፕላስቲክ ደርድረው፣ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር የበቀለውን አያውቁትም።

የድሮው ቡገንቪሊያ አሳጥረነው ቆየ። ጋሼ ቶሎ እንዲነቀል አልፈለጉም። «ልጆቹ ይዘው ይታዩ መጀመሪያ» አሉ። ልጆቹ ያሏቸው ቁርጦቹን ነው።

የውሃው ጣጣ

ከሁሉም የከበደው ይኼ ነው። ተክል መትከል ቀላል ነው፤ ውሃ መንፈግ ይከብዳል።

በመጀመሪያው በጋ ለቡገንቪሊያው ውሃ ሰጠነው፤ ሕፃን ነውና ሥር እስኪሰድ። ሁለተኛው ክረምት አልፎ ጥቅምት ሲገባ ግን «ከእንግዲህ ተዉት» አልኩ። ቅጠሉ ጠውለግ ሲል ብቻ በደንብ አጠጡት፣ ከዚያ እንደገና ተዉት። ጋሼ እሺ አሉ። እትዬ እሺ አላሉም።

«ተጠምቶ እያየሁት? ነፍስ ያለው እኮ ነው!»

እንዴት ተብሎ ይመለሳል? አንድ ቀን ስመጣ አጥሩ ሥር ያለው አፈር ርሷል። ማን እንዳጠጣው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ የሚያሳዝናቸው ከሆነ ያንን ውሃ ለጠምበለሉ ይስጡት። እሱ በበጋ ውሃ ይፈልጋል፤ አፈሩ እንዲደርቅ አይወድም። እትዬ ማጠጣቱን አላቆሙም፤ የሚያጠጡት ተቀየረ እንጂ። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ግን ሳሙናና ዘይት ስላለው ለሁለቱም አይሁን ብያለሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምትተክሉት ሰፊ አጥር ላይ ከሆነና ውሃችሁ ቁጥር ያለው ከሆነ፣ ሥር የሰደደ ቡገንቪሊያ ከጠምበለል ይልቅ ያዛልቃችኋል።

ምን ሆነ

ቡገንቪሊያው ታኅሣሥ ላይ ፈነዳ። ለጥምቀት አጥሩ ግማሽ በግማሽ ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ጋሼ ልጃቸው ጋ ፎቶ ላኩ፤ ያውም ደጋግመው።

እትዬ አንድ ቀንጥበው አመጡና «እስቲ አሳየኝ፣ አበባው የቱ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ያ ደማቅ ቀለም ያለው፣ እንደ ስስ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ነገር አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። ሦስት ሆነው ተደጋግፈው ይቆማሉ። ብርሃን ላይ ሲያዩት የቅጠል ሥሮቹ ይታያሉ። በእያንዳንዱ ቅጠል መሐል አከርካሪ ላይ ተለጥፎ አንድ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ኮከብ ትከፈታለች። አበባው እሷ ናት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አሸተቱ። «አይ፣ ምንም የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ የላይኞቹን ጫፎች አጠቆራቸው። ወዲያው አልቆረጥናቸውም። የደረቀው ጫፍ ከሥሩ ያለውን ለጋ ይከልላል፤ ብርዱ ሲያልፍ ነው የሚቆረጠው። የረገፈው ቀለም ቅጠል ደግሞ ክብደት የለውም፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሄዳል። ጎረቤት ግቢ ገባ፣ የጎረቤት አሸንዳ ደፈነ። ጎረቤት ቅር አላቸው፤ አይፈረድባቸውም። መንገድ ላይ የወጣው እሾኻም ቅርንጫፍም የሰው ነጠላ ያዘ። አሁን ጋሼ ዋናው የአበባ ጊዜ ባለፈ ቁጥር በመቀስ ያሳጥሩታል፤ በመንገዱ በኩል ደግሞ ወር አይጠብቁም። ለሌባ እሾኹ ጥሩ ነው ይባላል። ለሌባ ጥሩ የሆነ እሾኽ ለልጅ ዓይንም እሾኽ ነው። የልጅ ልጆች ሲመጡ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ጠምበለሉ ዘገየ። መጀመሪያ ሥሩን አደላደለ፣ ከዚያ ሽቦውን ይዞ ወጣ፣ ከዚያ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ብርሃን ሲያገኝ አበበ። አበባው ብዙ ነው፣ ግን ከሩቅ አይታይም፤ አረንጓዴ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ከመንገድ ያየ ሰው ምንም አይለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ ነው። ሽታው የሚጠነክረው ወደ ማታ ነው፤ እንዲህ ያለ ነጭ፣ ረጅም ቱቦ ያለው አበባ የሌሊት እራቶችን የሚጠራው በዚህ ነው። ጋሼ አሁን ዜና የሚሰሙት በረንዳ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

እሱም ጣጣ አለው። ለጋው ላይ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ወጣበት። በሳሙና ውሃ አጠብነው፣ በሳምንቱ ደገምነው፣ ለቀቀ። የባሰው ግን ጣሪያው ነው። ቅርንጫፉ በቆርቆሮውና በአሸንዳው መሐል ሰርስሮ ገብቶ አሸንዳውን አነሳው። ጠምበለል ካልተገታ ዛፍ የሚሸፍን ሐረግ ነው፤ በረንዳ ለእሱ ምኑም አይደለም። በየዓመቱ አበባው ሲያልፍ ጠንከር አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ያንን የማያደርግ ሰው ባይተክለው ይሻለዋል።

«እና የትኛው ይሻላል?» ጋሼ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልተዉትም። ፀሐይ የሚመታው፣ ውሃ የማያድር፣ መንገድ የሚያይ አጥር ላላቸው ቡገንቪሊያ ነው፤ አልከራከርም። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ከሆነ ግን፣ በረንዳም ይሁን የመኝታ መስኮት፣ እኔ ጠምበለልን ነው የምመርጠው። ለደብረ ማርቆስ ብርድ አይበገርም፣ አይዋጋም፣ አገሩም ነው። ቦታችሁ አንድ ብቻ ከሆነና ቦታው ጥላ ከሆነ ቡገንቪሊያ አትሞክሩ። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ቅጠል ማየት ግን ያናድዳል።

በቅርቡ ልጅቷ ከባሕር ዳር ደውላ ነበር። ቡገንቪሊያው የእሷ መሆኑ ቀርቶ አሁን የምትጠይቀው ጠምበለሉን ነው። የቀበርነው ቅርንጫፍ ሥር ስላወጣ ክረምት ሲገባ ይላክላታል። ባሕር ዳር ሙቀቱ ስለሚበልጥ የእናቷን በረንዳ አሠራር እንዳለ ብትገለብጠው አይሆንላትም። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆን በኩል ትፈልግለት። የአስፋልት ወይም የቆርቆሮ ግለት አይድረስበት። ሥሩን በጉዝጓዝ ትሸፍን፣ በበጋ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ጠለቅ አድርጋ ታጠጣ። ሽቦውን ደግሞ ችግኙ ሳይደርስ ከአሁኑ ትዘርጋ፤ ከአሸንዳው ራቅ አድርጋ።